ከጅቡቲ ቀጥሎ ያለው ድምፅ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱላሂ ዒልሚ፤ ጅቡቲ

የኀዘን ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። በደረሰኝ ዕለት መመለስ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ብዕር አንስቼ ስምህን እጽፍና እተወዋለሁ። ተማሪዎቼን «ያልጨረሳችሁትን ወረቀት አታስረክቡኝ» እያልኩ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ዛሬ ጠረጴዛዬ በተጀመረ ወረቀት ተሞልቷል። ይቅር በለኝ። ባለቤትህን ሸምሶንም አመስግንልኝ። ለበለጠች የላከችላት ጥቁር ሻሽ እስካሁን ከራሷ አልወረደም።

ስለ እኛ ለጠየቅኸው፣ በለጠች ደኅና ናት። ትበላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ሰው ሲመጣ ታስተናግዳለች። የልጃችንን የሽታዬን አርባ በመስከረም አወጣን። ከስልክ ቤት የሥራ ጓደኞቿ ሁሉ መጥተው ነበር። አለቃዋ ጠጋ ብሎ፣ «ድምፅዋን የለመዱ ደንበኞች ዛሬም የት ሄደች እያሉ ይጠይቁናል» አለኝ። ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ ብዬ አልጠየቅሁትም።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄህ ልሂድ። የላክኻቸው የዶርቫን ኩባንያ የጆሮ ማዳመጫዎች ከዚራ ሰፈር ውስጥ ምን ተባሉ፣ ዋጋቸውንስ ያወጣሉ ወይ ብለሃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን በጃማዕ ሬድዮ መጠገኛ ተሰብስበን ሞክረናቸዋል። አንተ ከሄድህ ወዲህ ደንቡ አልተለወጠም። አዳማጩ ዓይኑን በሻሽ ይታሰራል፤ ሌላው ሰው ማዳመጫውን ያጠልቅለታል፤ የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቅ የሰማውን ይናገራል። ሁሉም አዳምጦ ሳይጨርስ ማንም የሌላውን ፍርድ አይሰማም። ከዚያ እኔ ፍርዱን እጽፋለሁ፤ ጃማዕ በሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ የከዚራውም የመጋላውም ሰፈር ሰው እሱን አንብቦ ይገዛል።

ተሰማ ያው ተሰማ ነው። የምድር ባቡር ሒሳብ ቤት ምላሱን አላለዘበለትም። «የዶርቫን ሳጥን ግሩም ነው» አለ። «ሳጥኑን ይሸጡልህና ማዳመጫውን ይመርቁልሃል።»

ጃማዕ ተቆጣ። «አንተ ጆሮህ የባቡር ጡሩምባ የለመደ፣ ስለ ዶርቫን ምን ታውቃለህ?»

«ባቡሩ ቢያንስ ሲጮህ ስለ ስሙ አያስከፍለኝም!»

እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። እኔ ስለዚህ ኩባንያ ምን እንደምል ታስታውሳለህ። አምና «ዶርቫን የሚያስከፍለው ስለ ስሙ እንጂ ስለ ድምፁ አይደለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ፍርድ ሽሬዋለሁ። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ «ዶርቫን ሌላው የማያሰማውን ያሰማል። ዋጋው ይገባዋል።» ጃማዕ ደስ ብሎት በትልልቅ ፊደል ጽፎ ለጠፈው።

ምክንያቱን ሳልነግርህ ፖስታውን ልዘጋው ነበር። ግን ከአንተ ምን እደብቃለሁ? በምትሄድበት ሰሞን አዲሱን ማይክሮፎን ስንሞክር ሽታዬን አስቀምጠን ያስነበብናትን ቴፕ ታስታውሳለህ። «ጋሽ አብዱላሂን ጅቡቲ ድረስ ልሸኘው» ብላ የባቡር ጣቢያዎቹን ስም ራሷ መረጠች። ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ ሐረዋ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ጅቡቲ። ድምፅዋ ያለበት ሌላ ነገር በእጃችን የለም። ቴፑን በዶርቫን አዳመጥኩት። ከ«ጅቡቲ» ቀጥሎ፣ ከመቆሙ በፊት፣ በጣም ዝግ ብላ አንድ ቃል ትናገራለች።

«አባባ» ትላለች።

ቤቴን ታውቀዋለህና ይህ ቃል ለእኔ ምን እንደሆነ አላብራራልህም።

ወንድምህ አለምብርሃን ወልደጻድቅ

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

መዓሊን፣ ሰላም ለአንተና ለእናታችን በለጠች ይሁን።

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ላነበው አልፈለግሁም። ዘግቼ ወደ ባሕሩ ወጣሁ። እዚህ ባሕር አለ እንጂ ነፋስ የለም፤ ላቤ ወረቀትህ ላይ ሲንጠባጠብ ፊደሉን እንዳያጠፋው ፈራሁ።

መጀመሪያ ስለ ዶርቫን ልመልስልህ፤ እሱ ይቀለኛል። እኔ ዶርቫን እየሸጥኩ ነው የምበላው፤ ስለዚህ ቃሌን እንደ ነጋዴ ቃል ሳይሆን እንደ ድሮው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ቃል ውሰደው። ወደቡ ላይ የሚገዛኝ መርከበኛ «ዶርቫን አለህ?» ነው የሚለኝ፤ «ጥሩ ማዳመጫ አለህ?» ያለኝ እስካሁን የለም። ፈትቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ ያለችው፣ ተንቀጥቅጣ ድምፅ የምታወጣው ቆርቆሮ ከሌሎቹ ትሳሳለች። ቀጭን ድምፅ የምታጎላው ለዚህ ነው፤ ዘፋኝ ሴት ስትሆን ወላሂ ታምራለች። ግን ስስ ስለሆነች የራሷንም ትጨምራለች። ቴፕ ሲዞር ያቺ የምታውቃት «ሽሽ» የምትል ድምፅ አለች አይደል? ዶርቫን እሷን ሹክሹክታ ታስመስላታለች። ሌላው ኩባንያ በግማሽ ዋጋ ይህን ያህል የሚሠራ አለው፤ ስም ስለሌለው ማንም አይነካውም። እኔም ስም ስለሌለው አላመጣውም። ነጋዴ ሆኛለሁ ማለት ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። መዓሊን፣ እኔ በሶማሊኛ እንደምልህ ሁሉ፣ ሽታዬም አንተን በአማርኛ «መምህር» ነበር የምትልህ። ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ልጆች እንዳትለይ ብለህ አስለመድካት፣ እሷ ደግሞ ቃሉን ቤት ይዛው ገባች፤ ካደገችም በኋላ አልተወችውም። ምሳ ስትጠራህ እንኳ «መምህር፣ ቀርቧል» ስትል እኔ እስቅ ነበር። «ይቺ ልጅ አባት የላትም እንዴ?» እልህ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር። «አባባ» ስትልህ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እፈራለሁ። ይህን ያህል ስለምትፈልገው ነው የምፈራው።

ዓይንህን ታስረህ ሰምተኸዋል? የቃሉን ቦታ ሳታውቅ? ይህን ደንብ ለሁላችን ያወጣኸው አንተ ነህ። ካልሆነ ቴፑን ላክልኝ። እዚህ ብዙ ዓይነት ማዳመጫ አለኝ፤ ትልቅ ማጉያም አለኝ። እኔው እሰማልሃለሁ።

ሸምሶ ሰላም ትላለች። ሽታዬን አላህ ይማራት።

አብዱላሂ

*

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአቶ አብዱላሂ ዒልሚ

የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ዶርቫን ቆርቆሮ የሰጡትን ማብራሪያ አመሰግናለሁ። እኔም ያለ ምርመራ የምናገር ሰው አለመሆኔን እርስዎ ያውቃሉ ብዬ እገምት ነበር።

አንደኛ፣ የቴፕ መቅጃውን ራስ በአልኮል አጥርቻለሁ። ሁለተኛ፣ ቴፑን በእጄ አጠንጥኜ መልሼ አዙሬዋለሁ። ሦስተኛ፣ ከምድር ባቡር በወረሱት፣ ለእኔም ትተውልኝ በሄዱት በዚያ በከባዱ የቴሌግራፍ ማዳመጫ አዳምጬዋለሁ፤ በእሱ ቃሉ አይሰማም። በዶርቫን ይሰማል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው የተሻለ ነው? አንድ ተማሪ ይህን ጥያቄ ቢስት ከክፍል አላሳልፈውም።

ዓይኔን አልታሰርኩም። ዓይን የሚታሰረው የኩባንያውን ስም ላለማየት ነው። እኔ የልጄን ድምፅ ለመለየት ሻሽ አያስፈልገኝም።

ቴፑን አልልክም።

አለምብርሃን ወልደጻድቅ

*

ጅቡቲ፣ ጥር 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

መዓሊን፣

ጃማዕ የገለበጠውን ቴፕና ከቴፑ ጋር ያስቀመጥካትን አንዲት መስመር ተቀበልኩ። «ተሳስቼ ይሆናል፤ አንተ ስማው» የምትለውን። እንኳንም ደግመህ «አንተ» አልከኝ። ያ «እርስዎ»ህ ከዚህ አገር ሙቀት የበለጠ ነው ያቃጠለኝ። ድሬ ተወልጄ አድጌ እርስዎ ያለኝ ሰው የለም፤ ፖሊስ እንኳ ሲይዘኝ አንተ ብሎ ነው። ሸምሶን «ሰውዬው አንቱ አለኝ» ብላት፣ «ታዲያ አከበረህ» አለች። እሷ የበርበራ ልጅ ናት፤ የድሬን ነገር አታውቅም።

የረመዳን ጾም ላይ ነን፤ ስለዚህ የቀኑን ሥራ ወደ ማለዳ አምጥቼዋለሁ። ገናን እንዴት ዋላችሁ? አልጠይቅህም፤ አውቀዋለሁ። የተሰማ ነገር ግን አስቆኛል፤ በሩ ላይ ካለው ፍርድ ሥር «ሳጥኑም ያምራል» ብሎ በእርሳስ ጨመረበት ብሎ ጃማዕ ጽፎልኛል። ያጥፋው አትበለው።

ቴፑን ሰምቼዋለሁ። ለብዙ ቀን አልነካሁትም ነበር። አንድ ማለዳ ሸምሶ ሱቅ መጣች፤ ምንም ሳልነግራት ዶርቫኑን አጠለቅሁላት፤ ምን እንደምትሰማም፣ የማን ድምፅ እንደሆነም አታውቅም። ሽታዬን በሕይወቷ አይታት አታውቅም። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ምን ሰማሽ?» አልኳት።

«ድምፅዋ ያምራል። ቲኬት ትሸጣለች እንዴ?»

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«ጅቡቲ አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደረሰች፤ ምን ትበል?»

እዚያው በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ ነገርኳት፤ እሷም አለቀሰች፤ ጾማችን ይቆጠርልን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ እኔ ራሴ ሰማሁ። በዶርቫን ሰማሁ፣ በጀርመን ሥራው ማዳመጫ ሰማሁ፣ በትልቁ ማጉያ አጎልቼ ሰማሁ። የሰማሁትን ግን አልነግርህም። አትቆጣ። ደንቡ ነው። አንተ ዓይንህን ታስረህ ሳትሰማ እኔ ብናገር፣ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ጆሮ ነው የምትሰማው። ተማሪ መልሱን አስቀድሞ ካየ ፈተና አይደለም ያልከው አንተ ነህ።

አብዱላሂ

*

ድሬዳዋ፣ የካቲት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዱላሂ፣

ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ አይደለም። ስለ ጆሮዬ ተጨንቀህም ከሆነ፣ ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ሐኪሙም ለዕድሜህ ጥሩ ነው ብሎኛል። ዝም ያልኩህ ፈርቼ ነው። ደንቡን ለሌላ ሰው ማውጣት ቀላል ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ደርሷልና ልጻፍልህ።

በሩ ላይ የለጠፍነው ፍርድ ከታሰበው በላይ ርቆ ሄዷል። መጀመሪያ የደስ ደስ ይል ነበር፤ ጃማዕ የላክኸውን ዶርቫን ሁሉ ሸጦ ጨርሶ ጨምርልኝ እንዳለህ ታውቃለህ። የሚገዙት ሰዎች ግን እንደ ድሮው ገዢ አልሆኑም። ስለ ዋጋው አይከራከሩም። ሙዚቃም አይሞክሩበትም። አንዲት የመጋላ ሴት ማዳመጫውን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ስትወጣ፣ ተሰማ «እመቤቴ፣ ሬድዮው የትኛው ነው?» ቢላት ሳትመልስለት ሄደች። ተሰማ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀልድ ቀንሷል።

ባለፈው እሑድ ዓደን የሚባል ሽማግሌ ከዋሂል ገጠር መጣ። አማርኛ ብዙ አይናገርም፤ ጃማዕ እያስተረጎመ ነው የተነጋገርነው። ፍየሎቹን ሸጦ መምጣቱን ገና ሳይቀመጥ ነገረን።

«ዶርቫን የሚሉት ነገር አላችሁ?»

ጃማዕ ሳጥኑን አወረደለት። ሽማግሌው ክዳኑን በእጁ ዳሰሰው እንጂ አልከፈተውም።

«ሬድዮ አለህ፣ አባቴ?» አለው ጃማዕ።

«የለኝም።»

«ታዲያ ቴፕ አለህ?»

«ቴፕ ምንድን ነው?»

«የሰው ድምፅ የሚቀመጥበት።»

«ድምፅዋማ የለም። ልጄ ሞታለች» አለ ዓደን። «ይኼ ነገር የሞተ ሰው ያሰማል አሉኝ። እዚህ አንድ አስተማሪ አለ፣ ልጁን በዚህ ሰምቷል አሉ።»

ጃማዕ ይህን ሲተረጉም እኔን አላየኝም። ተሰማ መሬት መሬት ያያል። ያ አስተማሪ እኔ ነኝ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ማዳመጫው ያለ ቴፕ ምንም አያሰማም ብዬ ማስረዳትም ነበረብኝ፤ ቀላል ትምህርት ነው፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ የሚገባ። በዚያ ፈንታ «በሚቀጥለው ገበያ ተመለስ፤ ዛሬ አይሸጥም» ብዬ አስነገርኩት። አመስግኖ ሄደ።

አብዱላሂ፣ ይህ ሰው ሲመለስ የምነግረውን እውነት ማወቅ አለብኝ። ሽታዬ ጠርታኝ ከሆነ ጠርታኛለች፤ ካልጠራችኝም በእኔ ምክንያት ማንም ፍየሉን አይሸጥም። በሚመጣው እሑድ ዓይኔን እታሰራለሁ።

አለምብርሃን

*

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 1 ቀን 1958 ዓ.ም.

አብዱላሂ፣

ታስሬ ሰማሁ።

የጣቢያዎቹ ስም እንዳይመራኝ ብዬ ከ«ጅቡቲ» በኋላ ያለው ብቻ እንዲዞርልኝ አደረግሁ። ማዳመጫውን ጃማዕ እየለዋወጠ ያጠልቅልኛል፤ ቃሉን ስሰማ እጄን አነሳለሁ፤ ተሰማ ይመሰክራል። ሻሹን ያሰረችልኝ በለጠች ናት፤ ቤት አስራልኝ ነው እየተመራሁ የሄድኩት። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። አልጠየቀችም።

ሰማሁ። እጄን አነሳሁ። ደጋግሜ አነሳሁ። ጥርጥር አልነበረኝም፤ ያን ያህል ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ ሻሹን ፈታሁ። ጃማዕ የሱቁን በር ሊዘጋ ሄደ።

«ተሰማ» አልኩት፣ «ደንብ ነው፤ ተናገር።»

«መጀመሪያ ዶርቫን ነበር። እጅህን አነሳህ።»

«ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ የአብዱላሂ የቴሌግራፍ ማዳመጫ። እጅህን አነሳህ።»

በእሱ አይሰማም ብዬህ ነበር። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«መምህር፣ ይቅር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጃማዕ ቴፑን አውልቆ አዲስ፣ ባዶ ቴፕ አዞረ።» ተሰማ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። «እጅህን አነሳህ። ፈገግም አልክ።»

ይኸው ነው። ዶርቫን የሌለ ነገር አልፈጠረም፤ የተደበቀም ነገር አላወጣም። ኩባንያውን ያለ አግባብ እንደነቀፍኩት ሁሉ ያለ አግባብም አመስግኜዋለሁ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንስቼ ሌላ ጻፍኩ፦ «ዶርቫን ንጹሕና ቀላል ማዳመጫ ነው። ለሴት ድምፅ ጥሩ ነው። ከዋጋው ግማሹ የስሙ ነው። ሌላው የማያሰማውን ያሰማል የተባለው የእኔ ስሕተት ነው። አለምብርሃን ወልደጻድቅ።» ጃማዕ «ስምህን እንኳ ተወው» ብሎ ለመነኝ። የመጀመሪያውን ፍርድ ሰው የተቀበለው በስሜ ነው አልኩት።

ዓደን በገበያው ቀን መጣ። አስተማሪው እኔ መሆኔን ነገርኩት። አልሰማሁም፤ የሰማሁ መስሎኝ ነበር አልኩት። ጃማዕ ቃል በቃል አስተረጎመው። ሽማግሌው ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። «ልጅህ ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

«ሽታዬ።»

«የኔዋ ዩሩብ ናት።»

ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ ጠጣን። ስለ ልጆቻችን እናቶች፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራን። ወደ ዋሂል የሚሄድ መኪና ሲያገኝ ተነስቶ ሄደ። እጁ ባዶ ነበር፤ እኔ ባዶ አድርጌ የሸኘሁት መሰለኝ።

አሁን ደንቡ ተፈጽሟል። አንተ የሰማኸውን ንገረኝ። ምንም የለም ብትለኝ እቀበላለሁ።

አለምብርሃን

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 21 ቀን 1958 ዓ.ም.

መዓሊን፣

እየጻፍኩ ቀድጄአለሁ። ሸምሶ «ምንም የለም በለውና ገላግለው፤ ራሱ እቀበላለሁ ብሏል» ትለኛለች። እሺ ልላት ነበር፤ ምንም የለም ልልህም ነበር። ግን ሰውን ሁሉ ትክክሉን እንዲናገር ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህና፣ እኔ ብቻ ብዋሽህ ጓደኛህ አልሆንም።

ምንም የለም አይደለም፤ አለ።

በዶርቫን ሰማሁ፤ ስም በሌለው በርካሹም ሰማሁ፤ በሁሉም አንድ ነው፤ ማዳመጫ የሚለየው ነገር አይደለም። ከ«ጅቡቲ» ቀጥሎ የሽታዬ ትንፋሽ አለ። አንብባ የጨረሰች ሰው የምታስወጣው ትንፋሽ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የሳበችው ነው። ሰው ሊናገር ሲል እንደሚስበው። በቴሌግራፍና በስልክ መስመር ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ነኝ፤ ይህን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ልትል ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። «አባባ» ሊሆን ይችላል። «ጠማኝ»ም ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ነበር ያን ቀን።

ከትንፋሹ በኋላ፣ በትልቁ ማጉያ ብቻ የሚሰማ፣ ሌላ ድምፅ አለ። የእሷ አይደለም። ከማይክሮፎኑ ርቆ የቆመ ሰው ነው። «ይበቃል» ይላል።

ድምፁን አወቅሁት። አንተም ታውቀዋለህ። ሙከራው አልቆ ነበርና ትክክል ነበር፤ የተፈለገው የጣቢያዎቹ ስም ብቻ ነበር፤ ቴፕም እንደልብ አይገኝም ነበር። ከዚያ ቁልፍ ሲጫን ይሰማል። እሱ የእኔ ጣት ነው። አንተ ይበቃል ስትል እኔ ጫንኩት። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ጣቴን እንዳየሁት አትጠይቀኝ።

ከዚያ ሽታዬ ምን እንዳደረገች ታስታውሳለህ? እኔ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ። ስቃ የተነሳች ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አላውቅም። እኛ ሁለታችን እኮ ስለ ማይክሮፎኑ ነበር የምናወራው።

ይህን በመጻፌ ብትጣላኝም እኔ አልጣላህም።

አብዱላሂ

*

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዱላሂ፣

አልተጣላሁህም። ልታሳርፈኝ ብለህ ውሸት ብትጽፍልኝ ኖሮ ነበር የምጣላህ። የጻፍከው ትክክል ነው። ከጃማዕ ጎረቤት ካለው ሆቴል ትልቁን ማጉያ ተውሰን እኔም ሰማሁት። «ይበቃል» የሚለው ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲመለስ የምለው ዓይነት ነው። ቁጣ የለበትም። ደግነትም የለበትም።

ጣትህን ተወው። የታዘዘ ጣት ነው።

ፋሲካን እንደነገሩ ዋልን። በበዓሉ ማግሥት ደብዳቤህን ለበለጠች አነበብኩላት። የጻፍከውን አንድም ቃል አልዘለልኩም፤ «ጠማኝ»ንም ጭምር። ሽታዬ ከሞተች ጀምሮ ቴፑን ልስማ ብላ አታውቅም ነበር፤ እኔም ስሚ ብያት አላውቅም ነበር። ስጨርስ ሻሿን አስተካክላ፣ «እሑድ ትወስደኛለህ» አለችኝ።

ወሰድኳት። ወደ ጃማዕ ሱቅ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ተሰማ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ጃማዕ መደርደሪያውን እያየ «ለእናቴ የቱን ላውርድላት?» ብሎ ቆመ። ዶርቫኑን ሊያነሳ እንደፈራ ገባኝ። «ቅርብ ያለውን ስጠኝ፣ ልጄ» አለችው። እጁ ላይ የመጣለትን ሰጣት፤ የትኛው እንደነበረ እኔም አላየሁም፤ አልጠየቅሁምም።

ማጉያውን ከማዳመጫው ጋር አገናኝተን ከፈትን። በለጠች ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከልጇ ጋር ጣቢያ በጣቢያ ስትሄድ እናያታለን። ሽንሌ። አዲጋላ። አይሻ። ደወሌ ላይ ፈገግ አለች፤ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሽታዬ እዚያ ጋ ልትስቅ ብላ የዋጠችው ሳቅ አለ፤ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ መጨረሻውን ብቻ ስጠብቅ አልሰማሁትም ነበር። ሆልሆል። ጅቡቲ።

ትንፋሹ ሲመጣ ከፊቷ አወቅሁ። ፊቷን ቀና አደረገች፤ አንድ ሰው ሲጠራት እንደምታደርገው። ከዚያ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ከጆሮዋ አነሳችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ቴፑ አልቆመም፤ ይዞር ነበር። የቀረውን ማንም አልሰማውም።

አለምብርሃን